ፑድል ስንት ነው ያለኝ ሁሉ ይህን ያንብብ

በሳምንት ቢያንስ አንድ ሰው ይጠይቀኛል። አመሻሽ ላይ ፀጉረ ጥቅልል ፑድል ውሻዬን ቡቺን ይዤ በጣና ዳር፣ በዘንባባው ሥር ስንሄድ አንዱ ባጃጁን ቀዝቀዝ ያደርግና አንገቱን ያወጣል። «ወንድሜ፣ ይቺ በግ ናት ውሻ?» ብሎ ይስቃል። ቀጥሎ «ስንት ገዛሃት?» ይመጣል። ወንድ ነው እኮ። ግን ፀጉር የበዛበት ውሻ ሁሉ ለሰው ሴት ነው የሚመስለው፣ ማረሙን ትቻለሁ።

ዋጋውን እነግረዋለሁ። «ለውሻ!» ብሎ ባጃጁን ያስነሳል።

የነገርኩት ቁጥር ግን ምንም አልነገረውም። ቡቺን የገዛሁት በ18 ሺህ ብር ነው። በዚያው ሳምንት 45 ሺህም ተጠርቶልኛል፣ 90 ሺህም ተጠርቶልኛል። በሻጮቹ አፍ ሦስቱም «ኦሪጅናል ፑድል» ናቸው። ያኔ ሁለቱ ሌቦች መሰሉኝ፣ አንዱን ደግሞ እግዜር የላከልኝ ደግ ሰው አድርጌ ቆጠርኩት። አሁን ቁጥር ሰምቶ የሚደነግጥ ሰው ሳይ ራሴን ነው የማየው።

ነገሩን የጀመረችው የእህቴ ልጅ ናት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ከእኔና ከእማዬ ጋር ነው የምትኖረው። መቻል የሚባለው የግቢያችን ውሻ ከሞተ ሦስት ወሩ ነበር። መቻል በነፃ የመጣ የሀበሻ ውሻ ነው። ትራፊ በልቶ፣ ሌሊት ሲጮህ አድሮ፣ ለአንድም ቀን ሐኪም ሳያስፈልገው አሥራ አራት ዓመት ኖረ። እማዬም ቀብራው ስታበቃ «ሁለተኛ ውሻ እዚህ ግቢ አይገባም» ብላ ነበር። ልጅቷ ደግሞ ቲክቶክ ላይ አንድ ቡናማ ፑድል በሁለት እግሩ ሲሄድ አየች። በቃ። ቁርስ ላይ ፑድል፣ ራት ላይ ፑድል። እኔም ለስላሳ ነኝ፣ ስልኬን አውጥቼ ቴሌግራም ላይ መፈለግ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የገባኝ ፑድል አንድ ውሻ አለመሆኑ ነው። የአሜሪካው ኬኔል ክለብ፣ የውሻ ዝርያ የሚመዘግበው ማኅበር፣ በቁመት ሦስት ቦታ ይከፍለዋል። ከመሬት እስከ ትከሻው ጫፍ ከ25 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠው ቶይ ነው። ከዚያ በላይ ሆኖ 38 ያላለፈው ሚኒየቸር ይባላል። 38ን ያለፈው ስታንዳርድ ነው። አውሮፓውያኑ በመሃል «መካከለኛ» የሚባል አራተኛ ይጨምሩበታል። የሚለካው ቆሞ፣ ትከሻው ላይ ነው፤ ራሱና ጆሮው አይቆጠርም። 25ን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

እኛ በግ ተራ ለምደን ትልቁ ሙክት ነው የሚወደደው። ፑድል ላይ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል፣ ትንሹ ይወደዳል። እኔ መጀመሪያ ፋሽን ብቻ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ሒሳብ ነው። ቶይ እናት በአንድ ጊዜ ሁለት ወይ ሦስት ትወልዳለች፣ አንድ ብቻ የምትወልድበትም ጊዜ አለ። ስታንዳርዷ ስድስት ሰባት ትደረድራለች። እርግዝናው ግን ለሁለቱም ያው 63 ቀን አካባቢ ነው። ሐኪሙ ያው፣ ምግቡም ቢሆን ያው ጣጣ ነው፣ ሌሊት ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ሰውም ያው ነው። ያ ሁሉ ወጪ ለሁለት ቡችላ ሲካፈልና ለሰባት ሲካፈል እኩል አይሆንም። ትንሿ ምጥ ከጠናባት ደግሞ በቀዶ ሕክምና ማዋለድ አለ፣ እሱም ከቡችሎቹ ዋጋ ላይ ነው የሚወጣው።

ይህን ክፍተት ደላላ ያውቃል። የእኔው በድምፅ መልእክት እንዲህ አለኝ፦ «አለቃ፣ ይሄ ቶይ ብቻ እንዳይመስልህ። ቲካፕ ነው። ሲኒ ውስጥ ነው የሚገባው። አድጎም ከዚህ አያልፍም።»

ቲካፕ የሚባል ፑድል በየትኛውም ትልቅ ኬኔል ክለብ መዝገብ ላይ የለም። የሻጭ ቃል ነው። ወይ በጣም ትናንሾቹን እርስ በርስ እያዳቀሉ ያኮሰሷቸው ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ስኳራቸው ቶሎ ይወርዳል፣ አጥንታቸው በትንሽ ነገር ይሰበራል። ወይ ደግሞ ዕድሜው ያልደረሰ ቡችላ ነው። የእኔ ሁለተኛው ነበር። የስድስት ሳምንት ማንኛውም ውሻ ትንሽ ነው፣ መቻልም ትንሽ ነበር። እማዬ ያን የድምፅ መልእክት በአጠገቤ ቆማ ሰምታለች። ረከቦቱን አየት አድርጋ ምንም አላለችም።

ቀለም ላይ ብዙ አልቆይም። ቀይና አፕሪኮት የሚባለው ወርቃማ ቀለም ይወደዳል፣ ጥቁር ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ለቀለም ብላችሁ የምትከፍሉት ግን አብሯችሁ ላይኖር ይችላል። የፑድል ፀጉር ሲያድግ ይደበዝዛል፤ ቀዩ ቢጫ ይሆናል፣ ቡናማው ግራጫ ይሆናል። ቡቺ ሲመጣ የቡና ቀለም ነበረው። አሁን ወተት የበዛበት ማኪያቶ ነው። ነጭ ለማሰብ ለምትደፍሩ ደግሞ በክረምት የአባይ ማዶን ጭቃ አስቡት።

ወደ 90 ሺህዋ ልሂድ። አዲስ አበባ ያለች ሴት ናት። ደወልኩላት፣ ዋጋ ጠየቅኋት፣ እሷ ደግሞ እኔን መጠየቅ ጀመረች። ቤቱ ግቢ አለው? ቀን ቀን ማን አብሮት ይውላል? ልጅ አለ? ከዚህ በፊት ውሻ ኖሮህ ያውቃል? ምን ሆኖ ሞተ? ፀጉሩን ማን ይቆርጥልሃል? ውሻ ልገዛ ሳይሆን ሽማግሌ ልኬ ልጅ የምጠይቅ መሰለኝ። በዚያ ላይ «ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው አልሰጥም፣ ሌላ ሦስት ሳምንት ትጠብቃለህ» አለች። እናቲቱን በቪዲዮ አሳየችኝ። የእናቲቱን የዳሌ ራጅ አሳየችኝ። ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለእህቴ «የውሻ ራጅ አሳየችኝ እኮ» ብዬ እንደ ቀልድ ነገርኳት።

ያ ራጅ ነበር 90 ሺህ ያደረገው። ፑድል ጤነኛ የሚባል ዝርያ ነው፣ አሥራ ሁለት አሥራ አምስት ዓመት ይኖራል፣ ግን በዘር የሚወርዱ የራሱ በሽታዎች አሉት። ትልልቆቹ ላይ የዳሌ መገጣጠሚያ ይላላል። ትንንሾቹ ላይ የጉልበት ሎሚ ከቦታው ይንሸራተታል፣ ውሻው ሲሮጥ አንድ እግሩን አንጠልጥሎ ሁለት እርምጃ ዘሎ መልሶ ያወርደዋል። ቀስ እያለ የሚያሳውር የዓይን በሽታም አለ፣ እሱ በዘረመል ምርመራ አስቀድሞ ይታወቃል። አሜሪካ ውስጥ የዳሌው ራጅ የመጨረሻ ውጤት የሚሰጠው ውሻዋ ሁለት ዓመት ከሞላት በኋላ ነው። እስቲ አስቡት፣ ሁለት ዓመት ትቀልባታለህ፣ ታስመረምራታለህ፣ ውጤቱ መጥፎ ከሆነ አታስወልዳትም፣ የደከምክበት ሁሉ ዜሮ ነው። በዚህ መንገድ የሚሠራ አርቢ ቡችላውን በ18 ሺህ ሊሸጥ አይችልም። እዚያ አሜሪካም ቢሆን ከእንዲህ ያለ አርቢ አንድ ፑድል ከ1500 እስከ 3000 ዶላር ቢጠየቅበት የሚገርም አይደለም። የዘር ሐረጉ ታዋቂ ከሆነ፣ ወይ ገዢው ሊያራባበት ከሆነ፣ ከዚያም ይዘላል። ለቤት ብቻ የሚገዛው ላይ ግን ብዙዎቹ እንዲኮላሽ ውል ያስፈርማሉ።

45 ሺህ ያለኝስ? እሱ የመጣው በዶላር ነው። እናትና አባቱ ከውጭ የገቡ መሆናቸውን ነግሮኝ «አለቃ፣ ከዚያች ሐምሌ በኋላ እኮ ሁሉም ነገር ሌላ ነው» አለ። አልዋሸም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አልፏል። ክትባቱ ከውጭ ነው የሚገባው። ደረቁ የውሻ ምግብም ከውጭ ነው። የመቻል ዋጋ ላይ ዶላር ምንም አያገባውም ነበር፣ የፑድል ላይ ግን ከእናቱ ሆድ ጀምሮ አለበት። እኔ ደግሞ በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ሆንኩና 18ቱን መረጥኩ። ቀብድ ላክሁ። የደላላው ኮሚሽን ውስጡ ነው፣ የአውቶቡሱ ግን በእኔ ነው።

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር 560 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ቡቺ ያን ሁሉ መንገድ የመጣው በብስኩት ካርቶን ነው። መንገዱ ሰላም ነው የተባለበትን ቀን ስንጠብቅ አራት ቀን አለፈ፣ ለዚያም «የማደሪያ» ተብሎ ጨመርኩ። መናኸሪያ ስደርስ ረዳቱ ካርቶኑን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ «ይሄ ነገርህ ሲያለቅስ ነው የመጣው» አለኝ። ጎኑ ላይ በቢላ የተበሱ አምስት ቀዳዳዎች አሉ። ከአንዱ ቀዳዳ አፍንጫ ወጥቷል። ከፈትኩት። ውስጡ የተነከረ ጋዜጣ፣ የደረቀ እንጀራ ቁራሽ፣ አንድ እፍኝ የምትሆን የቡና ቀለም ያላት ነገር። አነሳሁት። ሆዱ እንደ ፊኛ ተነፍቷል፣ የጎድን አጥንቱ ግን በጣት ይቆጠራል። ያኔ ሆዱ ጠግቦ መስሎኝ ነበር። ትል ነው።

ከካርቶኑ ሥር ካርዱ ተጣብቋል። የክትባት ካርድ። እሱን ሳይ ደስ አለኝ፣ «ወረቀት አለው» ብዬ ለእማዬ አሳየኋት። በማግስቱ ለእንስሳት ሐኪሙ ስሰጠው ትንሽ ዝም ብሎ ተመለከተውና «ስንት ሳምንቱ ነው አሉህ?» አለኝ። ስድስት፣ ቢበዛ ሰባት። «እዚህ ላይ ሦስት ጊዜ ተከትቧል ነው የሚለው።» የቡችላ ክትባት የሚጀመረው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ነው፣ ቀጣዩ ከሦስት ወይ ከአራት ሳምንት በኋላ ነው፣ እንዲህ እያለ እስከ አሥራ ስድስተኛው ሳምንት ይሄዳል። የቡቺ ካርድ እውነት ከሆነ የመጀመሪያውን የተከተበው እናቱ ሆድ ውስጥ ነው። ሐኪሙ ከመሳቢያው የሌላ ውሻ ካርድ አውጥቶ ጎን ለጎን አስቀመጠልኝ። በዚያኛው ላይ በእያንዳንዱ ቀን አጠገብ ከብልቃጡ ተልጣ የተለጠፈች ትንሽ ወረቀት አለች፣ የክትባቱ ስምና ቁጥር ያለባት። ማኅተም አለ። ፊርማ አለ። የእኔው ላይ ሦስት ቀን፣ አንድ እስክሪብቶ፣ አንድ የእጅ ጽሑፍ። በአንድ ቁጭታ የተጻፈ። ሁለተኛው ቀን ላይ እስክሪብቶው ሊያልቅበት ሲል ወዘወዘው መሰለኝ፣ አንዲት የቀለም ጠብታ ወድቃለች።

ውሻ የምትገዙ ሰዎች፣ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ከያዛችሁ ያቺን የብልቃጥ ወረቀት ያዙ።

በአምስተኛው ቀን ቡቺ ማስመለስ ጀመረ። ማታ ደም ቀላቅሎ አስቀመጠው። ፓርቮ ነበር፣ የቡችላን አንጀት የሚያጠቃ ክፉ ቫይረስ። አራት ቀን ግሉኮስ ተተከለለት። እግሩ ከመቅጠኑ የተነሣ ለመርፌዋ ሥር ማግኘት ራሱ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። የእህቴ ልጅ አጠገቡ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። «ሁለተኛ ውሻ አይገባም» ያለችው እናቴ ደግሞ አሮጌ ነጠላዋን አራት አጥፋ ከሥሩ አነጠፈችለት። ሐኪሙ «ከአሥር ስንቱ እንደሚተርፍ አትጠይቀኝ» አለኝ፣ እኔም አልጠየቅሁትም። ተረፈ። ሒሳቡን ሳሰላው የሕክምናው፣ የመድኃኒቱና የመመላለሻው ድምር ውሻውን ከገዛሁበት ትንሽ ነው የሚያንሰው። ሻጩን ደወልኩለት። ቁጥሬን ዘግቶታል።

እስካሁን የመግዣው ነው። የማኖሪያው ሌላ ነው፣ እሱ ላይ ደግሞ ፀጉሩ አለ።

የፑድል ፀጉር እንደ ሰው ነው፣ ዝም ብሎ ያድጋል። ብዙ አይረግፍም፣ ለዚህ ነው ሰው የሚወደው፣ ሶፋ ላይ ፀጉር የለም፣ ነጠላ ላይ ፀጉር የለም። አለርጂ ያለበት ሰው አይነካውም የሚሉት ግን የሻጭ ማጋነን ነው፤ ይቀንስ ይሆናል እንጂ አለርጂ ጨርሶ የማያስነሳ ውሻ የለም። የረገፈው ፀጉር የት ይሄዳል ብትሉኝ፣ የትም አይሄድም። እዚያው ይቀራል፣ ከቆመው ፀጉር ጋር ይጠላለፋል። በየቀኑ ማለት ይቻላል በሚዶ መፍታት አለባችሁ። እኔ ላዩን ነበር የማበጥረው። ላዩ ያምራል፣ ሥሩ ግን ተጠላልፎ ተጠላልፎ ባና ሆኗል። አንድ ቀን ከጆሮው ኋላ ጣቴን ሳስገባ አልገባም አለኝ። ስበጣጥሰው እንደ ተጠቀጠቀ ሱፍ ድፍን ያለ ነገር ነው፣ ሥሩ ያለው ቆዳ ቀልቶ አብጧል። በዚያ ውስጥ ሁለት መዥገር ተቀምጧል። ዓመቱ ሊሞላ ሲል የቡችላው ፀጉር በአዋቂው ሲተካ ደግሞ ይብስበታል፤ ቀን የፈታኸው ማታ ይቋጠራል።

ባለሙያ ጋ በየአራት እስከ ስድስት ሳምንቱ መቆረጥ አለበት። በሰፈራችን የወንዶች ፀጉር ቤት አለ። ልጁ ጥሩ ልጅ ነው፣ መጀመሪያ ሳቀ፣ የምሬን መሆኑን ሲያይ «ቶንዶሱን በኋላ ለሰው ልመልሰው እኮ አልችልም» አለ። ልክ ነው። ስለዚህ የራሳችንን ቶንዶስ ገዛንና እሁድ ቤት ድረስ መጥቶ እንዲቆርጥልን ተስማማን። ቡቺን ጠረጴዛ ላይ አቆምነው። ልጅቷ አንገቱን አቀፈች። ልጁ ከኋላ ጀመረ፣ ጎኑን ወጣ፣ ትከሻው ጋ ሲደርስ ቶንዶሱ እህ እህ አለና ቀጥ። ምላጩ በፀጉር ታንቋል። ዘይት አደረገበት፣ አጸዳው፣ ደግሞ ሞከረ፣ ሸተተን፣ ሞተሩ ተቃጠለ። ቡቺ ሦስት ቀን ሙሉ ግማሹ በግ፣ ግማሹ ፍየል ሆኖ ዋለ። ባጃጅ ነጂዎቹ ያን ሰሞን አልጠየቁኝም፣ ቆመው ብቻ ያዩ ነበር።

የጨረሰችው እማዬ ናት። ሠላሳ ዓመት ልብስ የሰፋች ሴት ናት። የጨርቅ መቀሷን ወረቀት እንኳ አታስቆርጥበትም፣ ስንቴ ተገርፌበታለሁ። በአራተኛው ቀን መነጽሯን አድርጋ፣ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ቡቺን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ በዚያችው መቀስ ቁጥር ቁጥር አደረገችው። እንደ ቀሚስ ጠርዝ እያስተካከለች። አሁንም የምትቆርጠው እሷ ናት። ይህን በነፃ ስለማገኝ ሒሳብ ውስጥ አላስገባውም። እናታችሁ ልብስ ሰፊ ካልሆነች እናንተ አስገቡት።

ምግቡ ላይ የባሕር ዳር ሰው መሆን ይጠቅማል። ደረቅ ምግብ ለእኛ ኪስ አይሆንም፣ ትራፊ እንዳንሰጠው ደግሞ ወጥ ውስጥ ሽንኩርት አለ፣ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። ሁዳዴ ሲገባ የሰፈራችን ሥጋ ቤት ለ55 ቀን ይዘጋል፣ አጥንት የሚባል ነገር የለም። ያኔ የዓሣ ራስ አለን። የቀረሶና የአምባዛ ራስና ቁርጥራጭ ከአሥጋሪዎቹ በትንሽ ብር ይገኛል። ቀቅዬ፣ አጥንቱን አንድ በአንድ ለቅሜ፣ ከፎገራ ሩዝ ጋር አደርግለታለሁ። እማዬ «እኔ ሹሮ፣ ውሻዬ ዓሣ» እያለች ታማርራለች። ውሻዬ ነው የምትለው፣ ልብ በሉ።

ውሃውን ግን ማንም አልነገረኝም። ፑድል ሲባል የሳሎን ውሻ ነው የሚመስለው አይደል? የውሃ ውሻ ነው። ስሙ ራሱ ከጀርመንኛ የመጣ ነው፣ ውሃ ማንቦጫረቅ ከሚል ቃል። ፈረንሳዮቹ የሚጠሩበት ስም ደግሞ ከዳክዬ ጋር የተያያዘ ነው፣ አዳኝ የመታትን ዳክዬ ከውሃ እያወጣ ያመጣላቸው ስለነበር። ያ በፎቶ የምናየው አስቂኝ ቁርጥ፣ ወገቡ ተላጭቶ ደረቱና መገጣጠሚያው ላይ ጎፍሮ የሚቀረው፣ መጀመሪያ ለጌጥ አልነበረም። ለመዋኘት እንዲቀለው ይላጫል፣ ብርድ እንዳይመታው ደረቱና መገጣጠሚያው ይተውለታል።

ይህን ያወቅሁት አንድ እሁድ ጠዋት ገመዱን ስፈታለት ነው። እንጨት የጫነች ታንኳ ከዘጌ በኩል ወደ ዳር እየቀረበች ነበር። ቡቺ አንዴ ጆሮውን ቀሰረ። ጥልቅ። ራሱን ቀና አድርጎ እንደ ጀልባ ቀጥ ብሎ ሄደ። ማን አስተማረው? ቀዛፊው መቅዘፊያውን አንሥቶ «ይቺን በግህን ያዝ!» እያለ ይጮሃል፣ ዳር ያለው ሰው ይስቃል፣ እኔ ሱሪዬን ጠቅልዬ እስከ ጉልበቴ ገብቻለሁ፣ በአእምሮዬ ጉማሬም አለ ቢልሃርዚያም አለ። ታንኳዋን ዞሮ፣ የተንሳፈፈች አንዲት የእንጨት ቁራጭ ይዞ መጣና እግሬ ሥር አስቀመጠልኝ። እንዳደነልኝ ነው። ልቆጣው አልቻልኩም።

ከዚያ ያለውን ልንገራችሁ። ያ ፀጉር ውሃ ከጠጣ በፀሐይ ቶሎ አይደርቅም፣ እርጥብ እንዳለ ከተተወ ደግሞ ይቋጠራል። ሁለት ሰዓት በፎን አደረቅነው፣ መብራት መሃል ላይ ሄዶብን በፎጣ ቀጠልን። በሳምንቱ ጆሮው መሽተት ጀመረ። የፑድል ጆሮ ውስጡም ፀጉር አለው፣ ውሃ ገብቶ ሲቀር ይመረቅዛል። ጠብታ፣ ሐኪም፣ እንደገና ጠብታ። አሁን ጣና በገባ ቁጥር፣ በሳምንት አንዴ ማለት ነው፣ ጆሮውን በጥጥ ማድረቅ ሥራዬ ሆኗል። ከዓመታዊው የእብድ ውሻ ክትባት ጋር ይህም በየዓመቱ ሒሳብ ውስጥ አለ። ክትባቱ ላይ ግን ቀልድ የለም፣ ሰፈር ውስጥ ልጅ አለ።

እንግዲህ 18 ሺህ ብዬ ስመልስ ምን ያህሉን እንደደበቅሁ አያችሁ። ያቺ 90 ሺህ ያለችኝ ሴት ክትባቱን ከፍላበት ነበር፣ ትሉን አስወግዳለት ነበር፣ ስምንት ሳምንቱን ከእናቱ ጋር አቆይታው ነበር፣ ስለ ፀጉሩም ጠይቃኝ ነበር። ዋጋዋ ከበዛ በዚህ ነበር የበዛው። ባለፈው ደወልኩላት፣ ስለ ጆሮው ምክር ልጠይቃት። አስታወሰችኝ። «የሳቅከው ልጅ ነህ አይደል?» አለችኝና ስለ ጥጡ በዝርዝር ነገረችኝ። አልሸጠችልኝም፣ ግን ነገረችኝ።

ባለፈው ሳምንት ቡቺ ዓመት ከአንድ ወሩ ሆነ። ቡና እየተፈላ ነበር። የእህቴ ልጅ የእማዬን የልብስ መለኪያ ሜትር አመጣችና ግድግዳ አስጠግታ አቆመችው። ትከሻው ላይ መሆን አለበት ብዬ አሳየኋት። እግሩን አስተካከለች፣ ደብተር ትከሻው ላይ አግድማ አስቀመጠች፣ ሜትሩን ዘረጋች።

«አርባ አንድ» አለች።

«እንደገና ለኪው።»

እንደገና ለካች። አርባ አንድ። ቶይ 25 ነበር። በአሜሪካው መለኪያ ቶይን አልፎ፣ ሚኒየቸርንም አልፎ፣ ስታንዳርድ ገብቷል፤ ያውም ሙሉ ፑድል ከሆነ ነው፣ የኋላ እግሩ ላይ ፀጉሩ ቀጥ ማለቱን አይቼ ዝም ካልኩ ቆይቻለሁ።

እማዬ ጀበናውን አዘንብላ የመጀመሪያውን እየቀዳች ነበር። ቀና ብላ ቡቺን አየችው፣ ከዚያ ረከቦቱን፣ ከዚያ እኔን።

«በየትኛው ሲኒ ነበር ያሉህ?»